ስፓኒሽ የተማርኩበት ክረምት

የዚያን ቀን የሠራሁት ጅልነት እንዲህ ነው። የልጅ ልጄ የስልክ ገጽ ላይ ገብቼ፣ እሷን አንዴ ሰላም ካልኩ በኋላ፣ ጓደኞቿን በሙሉ አንድ በአንድ፣ ማንንም ሳልዘል፣ «እንዴት አደርሽ? እንዴት አደርክ?» ስል አረፈድኩ። በስፓኒሽ ነው ታዲያ። በዕድሜዬ መጨረሻ አንድ ቋንቋ ብማር፣ የተማርኩትን በአንድ ጠዋት አባክኜ ጨረስኩት።

ከሥሩ ልጀምር። ወንዱ ልጄ ደባርቅ ላይ አስጎብኚ ነበር፤ ፈረንጅ እየመራ ተራራ ይወጣል። ከመራቸው መካከል አንዲት የስፔን ሴት እሱን መርታ ወሰደችው። እዚያ ሴት ልጅ ወለዱ። ልጄ በሕይወት ሳለ ይደውልና በመካከላችን ሆኖ ያስተረጉም ነበር። እኔ «እደጊልኝ» ስላት እሷ ትስቃለች፤ እሷ አንድ ነገር ስትል እኔ እስቃለሁ፤ ምን እንደተባባልን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ከዚያ ታመመና እዚያው ሞተ፣ እዚያው ተቀበረ። እናቲቱ አንድ ጊዜ ደውላ አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ፤ ለቅሶ አስተርጓሚ አይፈልግም። ከዚያ በኋላ ስልኩ ዝም አለ። የቀድሞ ቁጥሯም አይነሳም። ከልጄ የተረፈችኝ ያቺ ልጅ ብቻ ናት፤ የእሷም አፍ እኔ በማላውቀው ቋንቋ የተፈታ ነው።

ሙት ዓመቱን ካወጣን በኋላ፣ የልጄ የሥራ ጓደኛ የነበረ አንድ አስጎብኚ ቤቴ መጣና «አባባ፣ አገኘኋት» አለኝ። በአባቷ ስም ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ሲፈልግ ከርሞ ነው። ስልኩን ዘረጋልኝ። የልጄ ግንባር። የልጄ ጥርስ። አለቀስኩና መነጽሩን ሰበብ አደረግሁ፤ መነጽር ግን አላደረግሁም ነበር።

ክረምት ነው። ክረምት ሲገባ ጉሙ ሊማሊሞን ውጦ መጥቶ ደባርቅ ላይ ይተኛል፤ ፈረንጅ አይመጣም፤ አስጎብኚዎቹም ሻይ ቤት ተቀምጠው ካርታ ይጫወታሉ። ስለዚህ ስፓኒሽ የሚችለው ያ የልጄ ጓደኛ መምህር ሊሆነኝ ሥራ ፈትቶ ጠበቀኝ። ከዳባት ወዲህ ካለችው ቀበሌያችን በጭቃ እየተንሸራተትኩ እመጣለሁ።

«ምን ላስተምርዎት? ሆቴል መያዝ? ዋጋ መከራከር?» አለኝ።

«እሱን ለነጋዴ አስተምር። እኔን ልጅቱ ያለችበትን ሰፈር ቋንቋ አስተምረኝ።»

«የት ሰፈር?»

«እዚህ» ብዬ ስልኩን መታ መታ አደረግሁት።

እናም የስልኩን ቃል ብቻ ተማርኩ። ውሃ በስፓኒሽ ምን እንደሚባል ዛሬም አላውቅም፤ ብጠማ እሞታለሁ። መከተል «ሴጊር»፣ ማጋራት «ኮምፓርቲር»፣ በሰው ላይ ደጅ መዝጋት «ብሎኬያር» መሆኑን ግን አውቃለሁ። ግሱ ደግሞ ጭራውን እየቆላ ይለዋወጣል፤ ሲጎ፣ ሲጌስ፣ ሲጌ፤ እከተላለሁ፣ ትከተያለሽ፣ ይከተላል። ልጅ ሳለሁ የግእዝ ግስ ጠልቼ ከቆሎ ተማሪ ቤት የጠፋሁ ሰው ነኝ፤ እግዜር ግን አልረሳም፣ የስፔን ግስ ይዞ እርጅናዬ ላይ ጠበቀኝ። እንደ ድሮው እየተወዛወዝኩ በዜማ ሳወርደው ሻይ ቤቱ በሙሉ ይስቃል።

«ኧረ አባባ፣ ቅዳሴ አደረጉት እኮ!»

«ዝም ብለህ ተቀበለኝ፣ አንተ ዲያቆን።»

ከሁሉ የወደድኩት «ሜ ጉስታ» የሚለውን ነው፤ የሌላ ሰው ፎቶ ሲያምርህ የምትጫነው። እንግሊዝኛው «እኔ እወዳለሁ» ብሎ ራሱን ያስቀድማል አሉ። ስፓኒሹ ግን እንደኛው «ደስ ይለኛል» ነው የሚል፤ ነገሩ ራሱ መጥቶ ሰውየውን ደስ ያሰኘዋል። ከእነዚህስ ጋር እንግባባለን አልኩ። ተስፋ ያደረግሁት በዚህች ነው፤ ተስፋ ለማድረግ ስቸኩል አይጣል ነው።

ለእኔም ገጽ ተከፈተልኝ። «ፎቶ ያስፈልጋል» አለ መምህሬ።

«ይህን ፊት አይታ ትደንግጥ? የበቅሎዬን አድርግበት።»

«በበቅሎ ማን ያውቅዎታል? የራስዎን ያድርጉ።»

«በቅሎዬ ከእኔ ታምራለች። ይህ ክርክር የለውም።»

አደረገ። ልጅቷም የጓደኝነት ጥያቄውን ተቀበለች። በቅሎዋን ወዳ ነው፤ ሌላ ምክንያት አይታየኝም።

«ሶይ ቱ አቡዌሎ»፤ አያትሽ ነኝ። ይህቺን ዓረፍተ ነገር ከሁሉ በፊት ነው የተማርኳት። በመንገድ ስሄድ እላታለሁ፤ በሬ ስፈታ እላታለሁ። ታዲያ ለምን እሷን አስቀድሜ አልጻፍኩም? መምህሬም ይህንኑ ነው የሚጠይቀኝ። በእኛ አገር ለትልቅ ጉዳይ ሰው ቤት የሄደ ሽማግሌ ደጃፍ ላይ ቆሞ ጉዳዩን አያፈነዳም። ይገባል፤ ባለቤቱን፣ እንግዳውን፣ ጥግ ኩርምት ያለችውን አሮጊት ሳይቀር ሰላም ይላል፤ አንዱን ቢዘል ጥል ነው። ተቀመጥ ሲሉት ይቀመጣል። ጉዳይ ከዚያ በኋላ ነው። እኔ ደግሞ ከዚያ የሚበልጥ ጉዳይ ኖሮኝ አያውቅም።

ስለዚህ ያን ዕለት ሰማዩ ገለጥ ሲል፣ ኔትወርክ የሚይዝበት ዳገት ወጥቼ፣ ከእሷ ጀመርኩ። ከዚያ ፎቶዋ ሥር ስሙን ያገኘሁትን ሁሉ «ኮሞ አስ ዶርሚዶ» እያልኩ ዞርኩ፤ እንዴት አደርሽ ማለት ነው። ጣቴ በብርድ ደነዘዘ። ሰላምታው ሲያልቅ እናገራታለሁ ብዬ ያቺን ዓረፍተ ነገር ምላሴ ላይ ይዣታለሁ።

ሳያልቅ፣ ከጓደኞቿ አንዷ እዚያው ፎቶው ሥር «ይህ ማነው?» ብላ ጻፈችላት። የልጅ ልጄም መለሰች፤ «ኖ ሴ ኪየን ኤስ።»

መምህሬ አጠገቤ አልነበረም። አላስፈለገኝም። ክረምቱን ሙሉ ግስ ያወረድኩት ለካ ለዚህ ኖሯል። ማን እንደሆነ አላውቅም። «ማነህ?» ብትለኝ በሩ ገርበብ ማለቱ ነበር፤ እመልስላት ነበር። እሷ ግን የተናገረችው ለእኔ አይደለም፤ ስለ እኔ ነው፣ ለሌላ ሰው፣ በመንገድ አልፎ እንደሚሄድ ከብት። «ሶይ ቱ አቡዌሎ» ብዬ ጽፌ ላክሁ። አልሄደም። ገጿ ጠፋ። ኔትወርኩ መስሎኝ ከፍ ካለው ድንጋይ ላይ ወጣሁ። በዚህ ዕድሜዬ ድንጋይ ላይ ቆሜ ስልክ ወደ ሰማይ ዘርግቼ ያየኝ ሰው ምሕላ የያዝኩ ሳይመስለው አልቀረም።

ሻይ ቤት ወረድኩና ስልኩን ለመምህሬ ሰጠሁት። አየና የያዘውን ካርታ አስቀመጠ።

«ብሎኬያር?» አልኩት።

«ብሎኬያር» አለ።

ከዚያ ያዳረስኩትን ሰላምታ ሲያይ ራሱን ያዘ። «አባባ! ለእነዚህ ሁሉ ልጃገረዶች? እዚያ አገር የማታውቀው ሰው እንዴት አደርሽ ሲላት ልጅ ለእናቷ ትናገራለች፤ እናት ለፖሊስ!»

«ሰላም በማለት?»

«ሰላም በማለት።»

«ሰው ቤት ሲገቡስ ምን ይላሉ?»

«ሳይጠሯቸው አይገቡማ።»

መሳቅ ፈለግሁ፤ በራሴ መሳቅ ሥራዬ ነው፤ የዚያን ቀን ግን አልመጣልኝም። «በሌላ ስም ልክፈትልዎት?» አለኝ። እምቢ አልኩ። አላውቀውም የተባለ ሰው ስሙን ቀይሮ ቢመለስ ምኑ ይታወቃል?

አሁን ጉሙ ተነሥቷል፤ ፈረንጆቹ መጥተዋል፤ መምህሬ ተራራ ላይ ነው። ደባርቅ ጎዳና ላይ ስፓኒሽ ስሰማ እቆማለሁ። ስለ ስልክ ካላወሩ አንድም አይገባኝም። ልጄን እዚያ አንዴ ቀበሩት፤ እኔ ደግሞ ዳገት ላይ ቆሜ፣ በገዛ ጣቴ፣ ሁለተኛ የቀበርኩት ይመስለኛል።

ሰላም ካልኳቸው ልጆች አንዷ ግን መልሳልኛለች። መልኳን አላውቀውም፤ እሷም በፊቷ ምትክ ውሻ ነው ያደረገች። «ቢየን፣ ግራሲያስ። ኢ ኡስቴድ?» ትላለች፤ ደኅና፣ አመሰግናለሁ፣ እርስዎስ? መምህሬ «ይመልሱላት እንጂ» ብሎኝ ነው የሄደ። ጽፌ አጠፋሁ፤ ደግሜ ጻፍኩ፣ ደግሜ አጠፋሁ። እንዴት አደሩ የተባለ ሰው ጎተራው ተቃጥሎም ቢሆን ደኅና፣ እግዚአብሔር ይመስገን ይላል፤ ዕድሜዬን ሙሉ እንዲሁ ስል ኖሬያለሁ። በዚህኛው ቋንቋ ግን መዋሸቱ ገና አልመጣልኝም። ለዚያች ባለውሻ ልጅ እስከ ዛሬ አንድ «ደኅና» አለብኝ።