ማዐሊማ ጌሪና በመዋጮ የሚከፈል ኤፍ

እስከዳር ጅግጅጋ የመጣችው ለአንድ ዓመት ብቻ ነበር። ለእናቷም፣ ለደብረ ብርሃን ጎረቤቶቿም፣ ከእናቷ በላይ ለሚጨነቁት አክስቶቿም የነገረችው ይህንኑ ነው፤ አንድ ዓመት አስተምሬ፣ የሥራ ልምድ ይዤ እመለሳለሁ። ዓመቱ አለቀ፣ ሌላው ተተካ፣ እሷ ግን አልተመለሰችም። ደብረ ብርሃን ላይ «ሀብታም ነጋዴ አግብታ ነው» ተባለ። ጅግጅጋ ላይ ደግሞ «አገሯ ላይ የሆነ ነገር አድርጋ ሸሽታ ነው» ተባለ። ሁለቱም ወሬ ስለሚጣፍጥ ሊያጣራ የፈለገ የለም። እውነቱ ለወሬ የማይበቃ ተራ ነገር ነበር፤ ከተማውን ወደደችው።

ያስወደዳት ደግሞ ስድብ ነው።

በዚህ አገር ለሰው ስም ሲወጣ ይሉኝታ የሚባል ነገር የለም። አንካሳውን አንካሳ፣ ጆሮ ትልቁን ጆሮ ይሉታል፤ እሱም «አቤት» ብሎ ይመጣል። እስከዳር ረዥም ናት፤ አንገቷማ ከእሷ ቀድሞ በር የሚገባ ዓይነት ነው። በመጣች በሳምንቷ የግመል ወተት ሻጮቹ «ጌሪ» አሏት። ጌሪ በሶማሊኛ ቀጭኔ ነው። ትርጉሙን ስትሰማ በሯን ዘግታ አለቀሰች። አከራይዋ ባቱሎ፣ ከወጃሌ ጨርቅ እያመጣች የምትቸረችረው፣ በሩን በእግሯ ገፍታ ገባች።

«ምንድነው የሚያስለቅስሽ? እኔን ዶሮ ነው የሚሉኝ፤ ስሄድ ስለምጣደፍ። ስም ያልወጣለት ሰው እንግዳ ነው። ለእንግዳ ደግሞ ወተት ውስጥ ውሃ ይጨመራል።»

በማግስቱ የቀረበላት ወተት እውነትም ወፍራም ነበር። ከዚያ ወዲህ እስከዳር በመንገዱ ሁሉ ማዐሊማ ጌሪ ሆነች፤ መምህርት ቀጭኔ እንደማለት ነው። ባለባጃጁ ዋበሪ ገና ከሩቅ ሲያያት ጥሩንባውን እየነፋ «ጌሪ፣ ነይ ግቢ፣ አንገትሽን በትርፍ እጭነዋለሁ» ይላታል። እሷም ትስቃለች። እንዲህ ያለ አቀባበል ደብረ ብርሃን ላይ አግኝታ አታውቅም።

የምታስተምረው ሒሳብ አያያዝ ነው። የኮሌጁ ስም ይቅር፤ ከቤተ መጻሕፍቱ ይልቅ ኳስ ሜዳው የሚጠረግበት ኮሌጅ ነው ማለት ይበቃል። የሜዳው ጌታ ፋይሶ የሚባል አጥቂ ነበር። ፋይሶ የሚጫወት ቀን ሻይ ቤቶች ይዘጋሉ። ዴቢትና ክሬዲት ሲባል ግን የሁለት የውጭ ተጫዋቾች ስም ይመስለዋል።

በሁለት ሺህ ሁለት ገደማ፣ በሴሚስተሩ ማብቂያ ፈተና፣ ፋይሶ ከበረኛው ከሺሬ ጀርባ ተቀመጠ። ሺሬ ጎበዝ ተማሪ ነው፤ ሲጽፍ ግን ወደ ጎን ስለሚጋደም ወረቀቱ ከኋላ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ፋይሶ ያላወቀው፣ እስከዳር ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለት ዓይነት ፈተና አውጥታ ለፊትና ለኋላ እያፈራረቀች ማደሏን ነው።

ስታርም የፋይሶ ወረቀት ግራ አጋባት። ልጁ «ንብረት ማለት ምን ማለት ነው?» ተብሎ «አራት ሺህ ሁለት መቶ ብር» ብሏል። የመጋዘኑን ቀሪ ዕቃ አስላ ሲባል ደግሞ «አዎ፣ ምክንያቱም ባለቤቱና ድርጅቱ የተለያዩ ናቸው» ብሎ በሚያምር እጅ ጽሑፍ አብራርቷል። የሺሬን ወረቀት አምጥታ ጎን ለጎን ብታደርገው፣ መልሶቹ ሁሉ ጥያቄያቸውን አገኙ። እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ስቃ ስትጨርስ ዜሮ ሰጠችው።

የኮሌጁ ደንብ አጭር ነው፤ የኮረጀ ኤፍ ያገኛል፣ ኤፍ ያለበት ለኮሌጁ አይሰለፍም። ቅዳሜ ደግሞ ከሐረር ልጆች ጋር የዋንጫ ጨዋታ አለ።

መጀመሪያ የመጣው የስፖርት መምህሩ የኋላሸት ነው።

«እስኩዬ፣ ዋንጫው እኮ ደጃችን ደርሷል።»

«ግባ በለዋ።»

«ያለ ፋይሶ አልገባም አለኝ።»

«እንግዲያው ደጅ ይደር።»

«አንዲት ዲ ብትሰጪው ምን ትሆኛለሽ? ዲ እኮ ውጤት አይደለም፣ ሰላምታ ነው።»

«ሰላምታዬን በቃል አቅርብልኝ» አለችው።

የኋላሸትን መመለስ ቀላል ነበር። የከበደው ከተማው ነው። ፋይሶ «ማዐሊማ ወረቀት አቀያይራብኝ ነው» ብሎ አስወርቶ ኖሮ፣ ወሬው ከእሷ ቀድሞ ገበያ ወጥቷል። ወተት ሻጯ ቢሻሮ ጀሪካኗ እስካፉ ሞልቶ ሳለ፣ «ወይዘሪት እስከዳር፣ ወተት አልቋል» አለቻት። እስከዳር የወተቱ ነገር ምንም አልመሰላትም፤ «ወይዘሪት» ግን ሆዷ ገባ። ዋበሪ ጭራሽ ከባጃጁ ወርዶ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ «ወይዘሪት፣ ይግቡ» አላት። መንገዱን ሙሉ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ዋበሪ ዝም ሲል ባጃጁ ራሱ የተበላሸ ነው የሚመስለው።

ቤቷ ገብታ አልጋዋ ላይ ተቀመጠች። ውጤቱን ብትቀይር ከነገ ጀምሮ ጥቁር ሰሌዳ ፊት በምን አፏ ትቆማለች? ባትቀይር ደግሞ ከተማው ያወጣላትን ስም መልሶ ይወስዳል፤ ሻንጣ ይዛ እንደገባችበት ቀን እንግዳ ትሆናለች። ወተቱም ይቀጥናል።

ሐሙስ ከቀትር በኋላ ሽማግሌዎች መጡ። ባቱሎ ግቢ ግራሩ ሥር ምንጣፍ ተነጠፈ። መሪያቸው የፋይሶ አያት ወንድም፣ ጺማቸውን ሒና የተቀቡት፣ ሰው ሁሉ አደር፣ አጎት፣ የሚላቸው ዋርሳሜ ናቸው። ከኋላ ፋይሶ ራሱ ጥቁር በግ ይዞ ቆሟል፤ ጥቁርነቱ ከአንገቱ አይወርድም፣ የቀረው ነጭ ነው። እሷ ክፍል የሚማሩት የአጎቱ ልጆች ዐኒሳና ሀምሴም ተጠርተው ግድግዳ ተደግፈዋል።

«ልጄ» አሉ ዋርሳሜ፣ «በእኛ ዘንድ ያጠፋ ሰው ብቻውን አይከፍልም። ነፍስ ያጠፋ እንኳ ግመሉን ዘመዱ ሁሉ ያዋጣለታል። መግ እንለዋለን።»

«አውቃለሁ አደር።»

«ደግ። ይህ ልጅ ነጥብ ጎደለው አሉን። ክፍልሽ ደግሞ በዘመዶቹ ተሞልቷል፣ ሁሉም ተርፏቸዋል። ከየአንዳንዳቸው ትንሽ ትንሽ ቀንሺና የእሱን ሙዪለት። እኛ ተነጋግረን ተስማምተናል።»

«እኔ አልተስማማሁም» አለች ከክፍሉ አንደኛ የምትወጣው ዐኒሳ።

«ዝም በይ፤ በሚቀጥለው ሴሚስተር ይመለስልሻል።»

እስከዳር ሳቋ ጉሮሮዋ ላይ ደርሶ ነበር። ነገር ግን ሽማግሌውን ስታያቸው ቀልድ የሚባል ነገር ፊታቸው ላይ የለም። ደም የሚያደርቁበትን ወግ ነው ለአንድ ኤፍ ተሸክመው የመጡት። ሳቋን ዋጠችው።

«አደር፣ መግ ከመዋጣቱ በፊት ምን ይደረጋል?»

«ጥፋቱ ይታወቃላ።»

«ማን ነው የሚናገረው?»

«ያጠፋው ነዋ።»

«እንግዲያው ይናገር። እኔ ነጥብ ጎደለው ብዬ አላውቅም።»

ዋርሳሜ ዞሩ። «ዋርያ፣ አንተ ልጅ፣ ምን አድርገህ ነው?»

«ወረቀቱ ተቀያይሮ…» ብሎ ጀመረ ፋይሶ።

«ፋይሶ» አለች እስከዳር፣ ድምፅዋን ሳታነሳ፣ «አንተ ፈተና ላይ ባለቤቱና ድርጅቱ የተለያዩ ናቸው ወይ የሚል ጥያቄ ነበር?»

«…አልነበረም።»

«ታዲያ መልሱ ከየት መጣ?»

ሀምሴ በሻሿ አፏን ያዘች። በጉ በዚህ መሃል የባቱሎን የተሰጣ ልብስ ማኘክ ጀምሯል፤ የሚከለክለው አልተገኘም። ፋይሶ ገመዱን እጁ ላይ ጠመጠመ፣ ፈታ፣ ደግሞ ጠመጠመ።

«ከሺሬ ገልብጬ ነው። እሱ አላየኝም። እሷም አልተሳሳተችም። ወረቀት ተቀያየረ ብዬ ያስወራሁት እኔ ነኝ።»

ዋርሳሜ በጉን አዩ፣ ፋይሶን አዩ። «ለጎደለ ነገር ነው ብለህ አምጥተህ ለተሰረቀ ነገር አስቀመጥከን» አሉት። ወደ እስከዳር ሲመለሱ ድምፃቸው ዝቅ ብሏል። «የተበደላችሁት ሁለት ናችሁ። የሺሬ መልስ ተወስዷል፤ ያንቺ ስም ተበላሽቷል። ካሳውን አንቺ ተናገሪ።»

«ኤፉ ይቆያል፤ ቅዳሜ አይጫወትም» አለች። «በጉ ለሺሬ ቤት ይሂድ። ኮርሱን እንደገና ይወስዳል። መዋጮውን ግን ወድጄዋለሁ፤ ዘመድ ያዋጣ። ነጥብ አይደለም፣ ያስተምሩት።»

«እኛን ነው?» አለች ዐኒሳ።

«እናንተን ነው።»

«ነጥቡን ብሰጠው ይሻለኝ ነበር።»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ፤ ነገሩ በዚያው ተቆረጠ። ዐኒሳ ሴሚስተሩን ሙሉ በማስመሪያ እየመታች አስተማረችው። ፋይሶ ኮርሱን እንደገና ወስዶ በገዛ እጁ ሲ አመጣ፤ ኋላም ደወሌ ወርዶ ከጉምሩክ ሰዎች ጋር ሥራ ያዘ። የተገለበጠ ሰነድ ከሩቅ ያሸታል አሉ። ሺሬም ከበጉ በኋላ በየፈተናው ወረቀቱን ይበልጥ ወደ ጎን ገልጦ መቀመጥ ጀመረ ይባላል፤ ይህኛው ግን ሐሜት ሳይሆን አይቀርም።

ሽማግሌ የጨረሰውን ነገር ገበያው ቶሎ አይጨርሰውም። ዓርብ ቢሻሮ ወተቱን ሸጠችላት፤ «ወይዘሪት»ን ግን አልተወችም። ቅዳሜ እስከዳር ሜዳ ላለመሄድ ራሴን አመመኝ አለች።

«ራስሽን አይደለም ያመመሽ፣ ፈርተሽ ነው» አለቻት ባቱሎ፣ እጇን እየጎተተች። «ከቀረሽ ያጠፋሽው አንቺ ትመስያለሽ።»

ሜዳው ጢም ብሎ ነበር። እስከዳር ድንጋይ ላይ ስትቀመጥ ግራና ቀኟ ያሉት ሰዎች ራቅ ራቅ ብለው ቦታ ለቀቁላት፤ ለእንግዳ እንደሚደረገው። ፋይሶ በሲቪል ልብስ የውሃ ኮዳ ይዞ መስመሩ ላይ ይሮጣል። ለምን እንደማይጫወት የጠየቀውን ሁሉ «ኮርጄ» ይለዋል፤ የኋላሸት ይህን በሰማ ቁጥር ፊቱን በኮፍያው ይሸፍናል። ከዕረፍት በፊት የሐረር ልጆች አገቡ። እስከዳር የሰው ሁሉ ዓይን አንገቷ ላይ ያረፈ መሰላት።

ሊያልቅ ሲል ለሐረር ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠ። ሺሬ በግራ በኩል ተወርውሮ በጣቱ ጫፍ አወጣት። እስከዳር ሳታስበው ብድግ ብላ፣ ሁለት እጆቿን ዘርግታ፣ በቁመቷ ሙሉ ቆመች።

ከኋላዋ አንድ ድምፅ መጣ።

«ጌሪ፣ ተቀመጪልን፤ አንገትሽ ጎሉን ከለለው።»

ዋበሪ ነው። በዙሪያው ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። «ጌሪን እጠፏት» አለ ሌላው። ቢሻሮ ከወዲያ ጫፍ «እንኳን ጎሉን፣ ካራማራንም አላየን» ብላ ጨመረች።

እስከዳር ተቀመጠች። ኮሌጁ አንድ ለባዶ እንደተመራ ነው፤ ዋንጫውም የሐረር መሆኑ ታውቋል። ኳሷ መሃል ሜዳ ላይ ከእግር ወደ እግር ትንከባለላለች፤ የሚታይ ነገር የለም። እስከዳር ነጠላዋን አስተካከለች፣ ጥቂት ጠበቀች፣ ከዚያ ሆን ብላ፣ ቀስ ብላ፣ እንደገና ቆመች።