ማኅተም አላስቆርጥም ያሉት እትዬ የሺመቤት

እትዬ የሺመቤት ባለፈው ማክሰኞ ስዊድን፣ ስቶክሆልም አጠገብ ባለችው ሶልና ከተማ ሆስፒታል ውስጥ ዐርፈዋል። ይህን ለምታውቋቸው ሁሉ የምጽፈው አንገቴን ደፍቼ አይደለም፤ አንገቱን ደፍቶ ፊታቸው የቆመን ሰው «ቀና በል፣ ምን ጠፋብህ?» ይሉት ነበርና።

ተማሪያቸው ነበርኩ። በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ከአዲስ አበባ ለትምህርት መጥቼ፣ እሳቸው በሚሠሩበት የስቶክሆልም ቤተ መዛግብት ለልምምድ ተመደብኩ። በስደት መጥተው፣ ቋንቋውን ተምረው፣ በጥንታዊ ሰነዶች ጥገና የተመረቁ ባለሙያ ነበሩ። የመጀመሪያ ቀን አንድ የመካከለኛው ዘመን ብራና ዘረጉልኝ። ባሏ የሞተባት ሴት መሬቷን የሰጠችበት ነው። ከግርጌው የሰም ማኅተሞች በቀጫጭን ጥብጣብ ተንጠልጥለዋል።

«ያኔ በፊርማ አይደለም» አሉኝ። «ሰው ተስማምቻለሁ የሚለው ማኅተሙን አንጠልጥሎ ነው። ይህቺኛዋ የሴትየዋ ናት፤ መሬቷን ለልጇ ስትሰጥ በራሷ ማኅተም ነው። እኛ አገር ርስት የሰጠ በወንጌል ላይ አስጽፎ በግዝት ያስር ነበር፤ እዚህ በሰም። ዞሮ ዞሮ የተሰጠ ቃል እንዳይካድ ነው።»

ጥቂት ወራት ቆይቶ አዲስ የተሾሙት ኃላፊ ማኅተሞቹ ተቆርጠው ለብቻ እንዲቀመጡ አዘዙ። ያለ ማኅተም ሰነዶቹ ጠፍጣፋ ስለሚሆኑ ለመደርደር ይመቻሉ። ኃላፊው ክፍላችን ድረስ መጥተው «ፎቶ እናነሳቸዋለን፣ ቁጥር እንሰጣቸዋለን፤ ምን ይጎድላል?» ሲሉ፣ እትዬ የሺመቤት መቀሱን ከጠረጴዛው አንስተው መሳቢያ ውስጥ ቆለፉበት።

«የሰዎቹ ስምምነት ይጎድላል» አሉ። «ማኅተሙ ከሰነዱ ሲለይ ቁራጭ ሰም ነው። እኔ አልቆርጥም፤ እኔ እያለሁም ማንም አይቆርጥም!»

በሳምንቱ ከጥገና ክፍሉ አንስተው እንግዳ መቀበያ ላይ አስቀመጧቸው። የእኔ ትምህርት የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ብሬዴንግ በሚባለው ሰፈር ቤታቸው እየጠሩ ያስተምሩኝ ጀመር። «ከክፍሉ አወጡኝ እንጂ ሙያዬን ከእኔ አላወጡትም» ይሉ ነበር፤ ምሳ አብልተው ነው የሚሸኙኝ።

የቤተ መዛግብቱ ቦርድ ትእዛዙን ለማጽደቅ የተሰበሰበ ዕለት እትዬ የሺመቤት ሳይጠሩ ገቡ። ያቺን ብራና እንዲያዩ አባላቱን ይዘው ወደ ጥገና ክፍሉ ወረዱ፤ ጥብጣቡ ሰነዱን በስቶ እንዴት እንዳለፈ፣ ቢቆረጥ ያ ማስረጃ እንዴት እንደሚጠፋ አሳዩ። ትእዛዙ ተሻረ። አንድም ማኅተም አልተቆረጠም።

ኃላፊው ግን ስለ ንግግራቸው ይቅርታ ካልጠየቁ ወደ ክፍላቸው እንደማይመለሱ ነገሯቸው። «ይቅርታ የምጠይቀው ሳጠፋ ነው» አሉ። ጡረታ እስኪወጡ መቀበያው ላይ ቆዩ። የመሰናበቻ ዝግጅት ያሰበላቸው አልነበረም። ራሳቸው ትልቅ ቶርታ በባቡር ይዘው መጡ፣ ሁሉንም ጠሩ፤ የመጀመሪያውን ቁራሽ ያቀረቡት ለኃላፊው ነበር። 

እትዬ የሺመቤት፣ ሞት ከመካከላችን ወሰደዎት እንጂ ከቆሙበት አላነቃነቀዎትም። ዛሬ ቀብርዎ ላይ አላለቀስኩም፤ እንባዬን ሳይሆን ድምፄን ነው የሚፈልጉት። ነገ ጠዋት ሥራ እገባለሁ። የማላምንበትን ቢያዙኝ፣ ብቻዬንም ብሆን፣ እምቢ እላለሁ። በሰላም ይረፉ፣ መምህሬ።