ለጋሽ በቀለ የጻፍኩት የእርቅ ወረቀት

ባለፈው ቅዳሜ በቀየት ከተማ ገበያ ላይ አንድ ነጋዴ የመዥገር መድኃኒት ጠርሙስ ከፍቶ ለገዢ ሲያሳይ ሽታው ደረሰኝ። ልገዛው የነበረውን ጨው ትቼ በሌላ መንገድ ወጣሁ።

ጎረቤታችን ጋሽ በቀለ በአንድ የግል የበግ እርባታ ይህንኑ መድኃኒት በጎቹ ላይ ይረጩ ነበር። የጭምብላቸው ማሰሪያ ከተበጠሰ ሰንብቶ ነበር፤ ሌላ ቢጠይቁ “ይመጣል” ተባሉ። ግንቦት ላይ አንድ ቀን ነፋሱ መድኃኒቱን መልሶ ፊታቸው ላይ ደፋው። በሦስተኛው ሳምንት ሁለቱም ዓይኖቻቸው ጠፉ።

“እንግዲህ እኔ ላይ መዥገር አይወጣም” እያሉ ያስቁን ነበር። ባለቤታቸው ግን አይስቁም ነበር።

የእርባታው ጌታ ሽማግሌ ላከ። ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ከስምንተኛ ክፍል ባላልፍም ጽሕፈቴ ስለሚያምር፣ አንድ ቃልም ስለማልጥል ጸሐፊ አደረጉኝ። ውጭ የሰኔ ጉም፣ ቤት ውስጥ የገብስ ቆሎና ጠላ ነበር። የእርባታው ጌታ ተነስቶ “አጥፍቻለሁ፤ አሳክማቸዋለሁ” አለ። ትልቁ ሽማግሌ ወደ ጋሽ በቀለ ዞሩ።

“በቀለ፣ አንተስ? አንድ እጅ አያጨበጭብም።”

በእኛ አገር እርቅ ላይ የተበደለውም ትንሽ ጥፋት ፈልጎ ይናገራል፤ ሌላው ብቻውን አፍሮ እንዳይሄድ። ጋሽ በቀለ ጥቂት አሰቡ።

“እኔም ጭምብሉን አውልቄ መርጨቴ ጥፋት ነው። ይቅር በለኝ፣ ልጄ።”

“ማሰሪያው ተበጥሶ አልነበር እንዴ?” አልኩ ቀስ ብዬ።

“አንተ የተባለውን ጻፍ!” አሉኝ ሽማግሌው።

ቃል በቃል ጻፍኩ። ጋሽ በቀለ በአውራ ጣታቸው ፈረሙ።

ሕክምናው አልመጣም። ካሳ ለመጠየቅ በጭቃው መንገድ በአይሱዙ ተጭነን ፍርድ ቤት ሄድን። የእርባታው ጠበቃ ወረቀቴን አወጣ፤ የደኅንነት መመሪያ እያወቀ የጣሰ ሠራተኛ ካሳ አይገባውም ብሎ ተከራከረ።

“ይህ የእርስዎ ቃል ነው?” አሉ ዳኛዋ።

“የእኔ ነው፣ ልጄ። ግን ለእርቅ ብዬ ነው፤ የጭምብሉ ማሰሪያ ተበጥሶ ነበር።”

“ማሰሪያው መበጠሱ የት ተጽፏል?”

ጋሽ በቀለ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። የትም አልተጻፈም። ያዩት ሠራተኞችም ከሥራ እንዳይባረሩ ፈርተው አልመጡም። ክሱ ውድቅ ሆነ።

ከዚያ ወዲህ የሠራተኛ ሕጉን ብቻዬን ከዳር እስከ ዳር አነበብኩ። ጋሽ በቀለ “ልጅ ነበርክ” ይሉኛል እንጂ ወቅሰውኝ አያውቁም። እሳቸው ያን ቀን የዋሹት ሰውን ከሀፍረት ለማዳን ነው። እኔ ግን እውነቱን እያወቅሁ፣ አንድ ፊደል ሳልስት ውሸቱን ጻፍኩ።