ፒያኖው ዝም የሚልበት ቦታ

ቡራዩ በተከራየሁት ክፍል መጋረጃ እሰፋለሁ። ከግድግዳው ማዶ ጡረታ የወጡ የሙዚቃ አስተማሪ ይኖራሉ፤ ጋሼ ነው የምላቸው። ከአዲስ አበባ ሲመጡ ፒያኗቸውን ስድስት ሰው ተሸክሞ ሲያስገባው አይቻለሁ። ማክሰኞና ሐሙስ አንዲት ተማሪ ከሰበታ እየመጣች እሳቸው ጋ ፒያኖ ትማራለች። እኔ ከስድስተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። ስለ ሙዚቃ የማውቀው በዚያ ግድግዳ አልፎ የመጣልኝን ነው።

መጀመሪያ የምትጫወተው ኤቱድ ነው። ጋሼ ሲያስረዷት እንደሰማሁት፣ አንድ የሚያስቸግር ነገር ይዞ ጣት እስኪገራ የሚመላለስ ሥራ ነው። ግን ለመለማመጃ ብቻ የተሠራ አይመስልም። ፈጣኖቹ ኤቱዶች ሲያልቁ መርፌዬን እንደያዝኩ ሳልሰፋ እገኛለሁ። ኤቱድ ማንንም አይጠብቅም። ኮንቸርቶ ላይ ፒያኖው ከኦርኬስትራ ጋር ነው፤ እሱ ዝም ሲልም ሙዚቃው ይቀጥላል። እኔ ኤቱዱን እመርጥ ነበር። ብቻዬን መሥራት ለምጃለሁ።

ጋሼ ጠዋት ጠዋት፣ ተማሪዋ ከአንድ ኦርኬስትራ ጋር ልትጫወተው የምታጠናውን ኮንቸርቶ ቅጂ በስፒከር ይከፍታሉ። መሀል ላይ ኦርኬስትራው ለብቻው የሚጫወትበት ረጅም ቦታ አለ። እዚያ ጋ አንድ ክንድ ክር ሰፍቼ እጨርሳለሁ። ክሩ ሲያልቅ ፒያኖው ይገባል።

ተማሪዋ እዚያ ስትደርስ ግን ጋሼ፣ «ይሄ የኦርኬስትራው ነው፣ እለፊው» ይሏታል። የታክሲ ሰልፍ ስላለባት ሰዓት ለመቆጠብ ነው።

አንድ ማክሰኞ እያለቀሰች መጣች። ከኦርኬስትራው ጋር ሲለማመዱ ቀድማ ገብታለች። ዓርብ ከደገመችው የፒያኖ ተጫዋችነቱ ቦታ ለሌላ ይሰጣል ተብላለች። ጋሼ ጣቶቿን ወቅሰው ኤቱድ ጨመሩላት።

ጣቶቿ እንዳልሆኑ አውቅ ነበር። ሐሙስ ስትወጣ በሩ ላይ ጠበቅኳት።

«ቀድመሽ የምትገቢው ጠብቀሽ ስለማታውቂ ነው» አልኳት፣ ጫማዋን እያየሁ።

«አንቺ ፒያኖ ትችያለሽ?»

«አልችልም። መጋረጃ ነው የምሰፋው።»

«እና ምኑን አውቀሽ ነው?»

«የሚጠበቀው አንድ ክር ነው። እዚያ ጋ አንድ ክር እጨርሳለሁ። አንቺ ክሩን መርፌ ውስጥ ሳላስገባ ትጀምሪያለሽ።»

ሳቀች። ጋሼ ከውስጥ ሰምተው ኖሮ፣ «ተመለሺ» አሏት። ቀጥለው ወደ እኔ፣ «አንቺም ግቢ፣ ክርሽን ይዘሽ።»

በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። እዚያ ቦታ ስትደርስ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች፣ እኔም መስፋት ጀመርኩ። ሁለት ጊዜ እጇን አነሳች፣ ሁለት ጊዜ «ገና ነው» አልኩ። በሦስተኛው ክሩን ስበጥስ ገባች። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

ዓርብ የሆነውን የነገረኝ የለም፤ ለመጠየቅም አፈርኩ። ማክሰኞ መጣች። ኤቱዱን ተጫውታ ጨረሰች። ተጫዋችነቱ ለሌላ ከተሰጠ ኮንቸርቶውን አትጫወትም ብዬ መርፌዬን አስቀመጥኩ።

ኮንቸርቶውን ጀመረች። እዚያ ቦታ ስትደርስ ጋሼ እለፊው አላሉም። ክር አስገብቼ ወደ ስፌቴ ተመለስኩ።