ከሁለተኛው መጽሐፍ ጋር አልታረቅሁም

ባለፈው ሳምንት አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ መናኸሪያ አጠገብ፣ ላስቲክ ላይ አሮጌ መጻሕፍት ከዘረጋ ነጋዴ ፊት ቆሜ አንዱን ሳነሣ የሙጫው ሽታ ገና አልለቀቀውም ነበር። በአንድ ወቅት አገር ያነበበው የሳይንስ ልብወለድ ሁለተኛ መጽሐፍ ነው። አንደኛው ብዙ እጅ አልፎበት ተበጣጥሶ አልቋል፤ ይኼኛው ግን ሳይገለጥ አርጅቷል። ደስ አለኝ፤ ደስ ማለቴንም አልደብቅም።

ሚሌኒየሙ በተከበረ ሰሞን እዚያው ሲቀላ መጽሐፍ አከራይ ነበርኩ። አንደኛውን የማያውቅ አርባ ምንጭ ውስጥ አልነበረም፤ እናቷ የሞተችባት ልጅ ዓይኗ ላይ መነጽር መሰል ነገር ታጠልቃለች፣ ኮምፒውተር በፈጠረው ከተማ ውስጥ እናቷን በሕይወት ታገኛታለች፣ መጨረሻው ላይ ግን መነጽሩን በገዛ እጇ አውልቃ ትሰናበታታለች። ኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ ሲጭኑ የሚውሉት ወጣቶች ሳይቀሩ ወረፋ ይዘው ይከራዩት ስለነበር ገጾቹ ሙዝ ሙዝ እየሸተቱ ይመለሱልኝ ነበር። እናቴን የቀበርኩት በዚያው ዓመት ነው፤ ከለቅሶ የተነሣሁትም ከዚያች ልጅ ጋር ነው።

ሁለተኛው ከዓመታት በኋላ መጣ። ደራሲው ምን አደረገ? እናትየዋ አልሞተችም፣ ሞቱም ለቅሶውም የመነጽሩ ጨዋታ ነበር ብሎ አስነሣት። እንባዬን የሰደበብኝ ያህል ተሰማኝ።

እሑድ ከሰዓት ማከራያ ቤቴ የሚሰበሰብ የንባብ ማኅበር ነበረን። ሰብሳቢው ጋሽ ታደሰ ነበሩ፤ ከሰሜን መጥተው የከተማውን ግማሽ አማርኛ ያስተማሩ፣ የእኔን የጨንቻ አነጋገር ሰው ፊት ማረም የሚወዱ መምህር። እሳቸው “ከአንደኛው ይበልጣል” ብለው ሲፈርዱ እኔ “አታሎናል” አልኩ።

“ወይዘሮ አስካለ፣ ይኼ ረቂቅ ነገር ነው። ማከራየትና ማንበብ ይለያያል” አሉኝ። ሰው ሳቀ። የሳቁትን ዛሬም አንድ በአንድ አስታውሳቸዋለሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለተኛውን ሊከራይ የመጣውን ሁሉ “ዓይንህን አታድክም” እያልኩ መለስኩ። ጋሽ ታደሰም ማኅበሩን ይዘው ወደ ላይኛው ከተማ፣ ወደ ሴቻ ወጡ፤ መንገድ ላይ ስንገናኝም ሰላምታ ቀረ።

ሰላምታ መነፋፈግ በእኛ ዘንድ ቀልድ አይደለምና፣ አንድ ጠዋት ሦስት ሽማግሌዎች እርጥብ ሳር ይዘው፣ ጋሽ ታደሰንና ጥቂት የማኅበሩን ሰዎች አስከትለው መጥተው ደጄ ላይ ተንበረከኩ። ልጅ ሆኜ ጨንቻ ላይ፣ ደም የተቃቡ ሰዎች ያንን ሳር አይተው ጦራቸውን ሲጥሉ አይቻለሁ። ሮጬ አነሣኋቸው።

“ልጄ፣ የተጣላችሁበት መሬት የቱ ጋ ነው?” አሉ ትልቁ።

“መሬት አይደለም አባባ፤ መጽሐፍ ነው።”

“ማን ሰረቀው?”

“ኧረ ማንም አልሰረቀው።”

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ከማኅበሩ ሰዎች አንዱ “መጽሐፉ ጥሩ ነው ትበልና ይለቅ” ሲል ጋሽ ታደሰ አገጫቸውን ቀና አድርገው ጠበቁ። ሳሩን ከሽማግሌዎቹ ተቀብዬ፣ የጋሽ ታደሰን ትከሻ ስሜ፣ “ጋሽ ታደሰን ይቅር ብያለሁ፤ መጽሐፉን ግን ይቅር አልልም” አልኩ።

ትልቁ ሽማግሌ “መጽሐፉማ ሽማግሌ አልላከም” ብለው ሳቁ። እርቁ ጸና።

ማኅበሩ ግን አልተመለሰም። ቤቱ ዛሬ ሞባይል ይጠገንበታል፤ የሳቁብኝም ምን እንዳሳቃቸው ረስተዋል። ጋሽ ታደሰ አርፈዋል፤ ቀብራቸው ላይ ከልቤ አልቅሻለሁ። ስለ አንድ መጽሐፍ ብሎ ሰላምታ የሚነፍገኝ ሰው ከዚያ ወዲህ አልገጠመኝም፤ አሁን ያልኩትን ብል የዛሬ ልጆች ሳያነቡ “ልክ ነሽ እማማ” ብለው ያልፋሉ። ከዚህስ የእሳቸው ንቀት ይሻለኝ ነበር። እስቲ ያ ደራሲ ይምጣና የጋሽ ታደሰንም ሞት ጨዋታ ነበር ይበለኝ።