የጎሚስታዋ ሚስት ጎማ

ካናዳ፣ ካልጋሪ ውስጥ ጎሚስታ የሆንኩት ጎማ ላስቀይር ሄጄ ነው። እውነቴን ነው። ሱቁ ራንድል ሰፈር፣ ከሰንሪጅ የገበያ ማዕከል ጀርባ ነበር። የመጀመሪያው በረዶ ጥሎ ሰልፉ መንገድ ድረስ ወጥቷል። ወረፋዬን ይዤ ቁጭ ብዬ ሳለሁ ባለቤቱ ግሌን ከባንኮኒው ጀርባ ብቅ አለና ዓይኑን በሰዉ ላይ አንከራተተ። "እዚህ መሃል ሥራ የሚፈልግ አለ?" አለ። ሁለት ሠራተኞቹ የዚያን ዕለት ጠዋት ለነዳጁ ሥራ ፎርት ማክመሪ ሄደውበት ነበር።

እጄን አወጣሁ።

"ጎማ ታውቃለህ?"

"ክብ ነው" አልኩት።

"ጓንት እዚያ አለልህ" አለኝ። የራሴን መኪና ጎማ በራሴ እጅ ቀየርኩ፤ ቢሆንም ሒሳቡን አልማረኝም።

የነዳጁ ገበያ የደራበት የቡሙ ጊዜ እንዲያ ነበር። የነዳጅ ዋጋ ሰማይ ነክቶ፣ እጅና እግር ያለው ሁሉ ወደ ሰሜን ይነጉዳል። ከተማ ውስጥ የቀረ ሠራተኛ እንደ ሙሽራ ይለመናል። አርፍደህ ብትመጣ "እንኳን መጣህ" ነው የምትባለው።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ ታደሰ ናቸው። የመርካቶ ሰው ናቸው፤ በሱቁ ውስጥ ከግሌን ቀጥሎ ትልቁ ማዕረግ የእሳቸው ነበር፣ አላይመንት፤ የጎማ አቅጣጫ ማስተካከል። ከእሳቸው በታች የጎማ ሚዛን አስተካክሎ ባላንስ የሚያደርግ፣ ከእሱ በታች ጎማ ከቸርኬ የሚያላቅቅ፣ ከሁሉ በታች ጎማ የሚሸከም አለ። እኔ በአንድ ቀን ሦስቱንም ሆንኩ፤ ሌላ ሰው አልነበረማ። የጎማውን ዳዶ ዙሪያውን በተርታ ሳጠብቅ አዩኝና ጮኹ። "አንተ! በኮከብ ነው! አንዱን ካጠበቅክ ማዶ ተሻግረህ ያንን ታጠብቃለህ፤ አለዚያ ቸርኬው ተጣሞ ይቀመጣል፣ ሰው ትገድላለህ!" ዛሬም ዳዶ በተርታ የሚያጠብቅ ሰው ሳይ ቆሽቴ ያርራል።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ። ስወለድ ወንድ ልጅ ተባልኩ። ሴት መሆኔን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ለማን ይነገራል ብዬ ዋጥ አድርጌ ኖርኩ። ሰናይትን ያገባኋት ስለምወዳት ነው፣ ለመደበቂያ አይደለም። ካልጋሪ ገብተን ታራዴል ሰፈር ቤት ይዘን፣ ኑሮ ረጋ ሲል ግን መዋጡ እምቢ አለኝ። በአንድ ነገር ብቻ ዕድለኛ ነኝ። ስሜ ደስታ ነው፤ ወንድም ሴትም ይጠራበታል፣ ከስም መቀየር ጣጣ ድኛለሁ።

ሰናይት ሜይላንድ ሃይትስ ባለ የአረጋውያን መንከባከቢያ ትሠራለች። እሑድ ከቸርች መጥታ በር ላይ ጫማዋን ስታወልቅ ነገርኳት። አንዱን አውልቃ፣ ሌላውን ሳታወልቅ ግድግዳውን ተደገፈች። "እማዬ እንዳትሰማ" አለችኝ። ቀጥላ ደግሞ "ምሳ በልተሃል?" አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ ጨዋነት በዛ። "ይቅርታ ልለፍ" እንባባል ጀመር፣ በገዛ ኮሪደራችን! ወጡ ውስጥ ያለውን ሥጋ እኔ ወደ እሷ፣ እሷ ወደ እኔ ስንገፋው ይቀዘቅዛል። ትሄድ ይሆን ትቀር ይሆን አላውቅም። ልጠይቃት ፈራሁ፤ ከጠየቅኩ ትመልሳለቻ። ሐኪም ዘንድ መሄዱም፣ የሴት ሆርሞን ክኒኑም፣ የሰው አፍም እንደዚያ አላስፈራኝም። ሰናይትን ማጣት ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

ለግሌን መንገር ግድ ነበር፤ ክኒኑን ጀምሬያለሁ፣ ሰው ማየቱ አይቀርም። ቢሮው ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ገና በሩን ስዘጋ ፊቱ አመድ መሰለ።

"ግሌን፣ ከባድ ነገር ልነግርህ ነው።"

"በፈጠረህ፣ አትንገረኝ" አለ።

"ኑሮዬ ሊለወጥ ነው።"

"በቃ፣ ገብቶኛል" ብሎ ጭንቅላቱን ይዞ ተቀመጠ።

"እኔ ሴት ነኝ። ከእንግዲህም እንደ ሴት ልኖር ነው።"

ቀስ ብሎ ቀና አለ። "ፎርት ማክመሪ አትሄድም?"

"አልሄድም።"

"ቅዳሜ ትገባለህ?"

"እገባለሁ።"

ተነስቶ አቀፈኝ፤ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። ከዚያ ትንሽ አሰበና "የጆሮ ጌጥ ግን ባላንስ ማሽኑ አጠገብ ክልክል ነው" አለኝ። ስለ ጉዳዩ ከዚያ ወዲህ የተናገረው ነገር የለም።

ደንበኞችም ቢሆኑ ወደው አይደለም የቻሉኝ። አንድ ፒክአፕ የያዘ ግዙፍ ሰውዬ ፀጉሬንና ጥፍሬን አየት አድርጎ "ሌላ ሰው ይሥራልኝ" አለ። ግሌን ቀና ሳይል "ሌላ ሱቅ ብትሄድ ተራ የሚደርስህ በረዶው ሲቀልጥ ነው" አለው። ሰውየው መጽሔት አንስቶ ቁጭ አለ። በሚቀጥለው ዓመት በስሜ እየጠራኝ መጣ።

ጋሽ ታደሰ ያወቁት በእጄ ነው። አብረን ስንታጠብ አተኩረው ያዩኛል። "ደስታ፣ እጅህ እንዴት እንዲህ ለሰለሰ? የእኔ በብርዱ ተሰነጣጥቆ አለቀ። ምንድን ነው የምትቀባው?"

"ቅባት አይደለም ጋሼ፣ ክኒን ነው።"

"ታዲያ ለእኔም አምጣልኛ! ንፉግ!"

ምን ላድርግ? ክኒኑ ምን እንደሆነ ነገርኳቸው። "በስመ አብ ወወልድ!" ብለው ሳሙናውን ለቀቁት። ቀኑን ሙሉ ዘግተውኝ ዋሉ። ሊወጡ ሲሉ ኮታቸውን ደርበው መጡና "ሰናይትስ?" አሉ። "እኔ እንጃ ጋሼ" አልኳቸው። "እንግዲያማ ሽማግሌ ያስፈልጋል" አሉ። ሌላው ነገር ከአቅማቸው በላይ ነበር። የተናጋ ትዳር ግን የሚያውቁት ሥራ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንተ ማለቱም አንቺ ማለቱም ጨንቋቸው አንቱ አሉኝ፣ በልጃቸው ዕድሜ ያለሁትን።

ሽማግሌ ደግሞ ሦስት መሆን አለበት። አንዱ እሳቸው ናቸው። ሁለተኛው ከሰናይት ቸርች የመጣ፣ ወንድም ጌታሁን የሚባል ታክሲ ነጂ ነው። ሦስተኛው ጠፋ፤ ጨዋ ሰው የተባለ ሁሉ ፎርት ማክመሪ ነው! በመጨረሻ አንድ ጥሩ አስታራቂ የተባሉ ሰው ከነዳጁ ካምፕ፣ በእረፍት ሰዓታቸው፣ በስልክ እንዲሸመግሉን ተደረገ። ስልኩ ሳሎናችን ጠረጴዛ ላይ ከብርቱካኑ ሳህን ጋር ተቀመጠ።

ጋሽ ታደሰ እንደ ኦርቶዶክስ ጸለዩ። ወንድም ጌታሁን እንደ ጴንጤ ደገመው። ስልኩ "አሜን! ቶሎ በሉ፣ እረፍቴ አጭር ናት" አለ።

"በይ ሰናይት ልጄ፣ በደልሽን ተናገሪ" አሉ ጋሽ ታደሰ።

"አልተበደልኩም።"

"ይመታሻል?" አለ ጌታሁን።

"ኧረ በጌታ!"

"ይጠጣል?"

"ሻይ።"

"ውጭ ያመሻል?"

"ሱቁ ካስመሸው።"

ጋሽ ታደሰ ወደ እኔ ዞሩ። "እርስዎስ? ምን አደረገችዎ?"

"ምንም አላደረገችኝም፣ ጋሼ።"

ስልኩ ጮኸ፤ "ጥፋተኛው ማነው? ሰዓቴ እየሄደ ነው!"

"ጥፋተኛ የለም" አለ ጌታሁን።

"ጥፋተኛ ሳይኖር ማንን ይቅርታ ልናስጠይቅ ነው?"

ጋሽ ታደሰ ላብ ላብ አላቸው። "ስንት ዓመት ስሸመግል ያለ ጥል የመጣ ሰው አይቼ አላውቅም" አሉ። ከዚያ ሰናይትን በልመና ዓይን አዩዋት። "እስቲ ልጆቼ፣ ትንሽ ተጣሉልን። ከዚያ እኛ እናስታርቃችኋለን።"

እኔ ሳቅ አመለጠኝ። ሰናይት ግን አልሳቀችም።

"ጎማዬን አልቀየረልኝም!" አለች።

"ምን?" አሉ ጋሽ ታደሰ።

"ጎማዬን! የከተማው ሰው ሁሉ የበረዶ ጎማ ገጥሟል፣ በዚህ ሰው እጅ! እኔ በበጋ ጎማ ዲርፉት ፈጣን መንገድ ላይ እየተንሸራተትኩ ነው የምውለው። በቀደም መሃል መንገድ ላይ ተሽከርክሬ ቆምኩ። ቆሜ ማን አለኝ ብዬ ነው ያሰብኩት!" እንባዋ ወረደ። "ስለ ሐኪሙ ይነግረኛል፣ ስለ ክኒኑ ይነግረኛል። እኔን ማን አየኝ? ሴት ሆነ ወንድ ሆነ፣ ባሌ ሆነ እህቴ ሆነ፣ እኔ እንጃ! ጎሚስታ መሆኑን ግን አውቃለሁ!"

ሽማግሌዎቹ ፊታቸው በራ። "እግዚአብሔር ይመስገን!" አሉ ጋሽ ታደሰ፤ ከልባቸው ነው። ስልኩ ደግሞ "በበጋ ጎማ?! በዚህ በረዶ?! እሱማ ትልቅ ጥፋት ነው! አሁኑኑ ይቀየርላት!" ብሎ ፈረደ። እኔ አንገቴን ደፋሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ እያልኩ ነበር፤ እሷም በዚያ በክፉ ጨዋነታችን አፍ አውጥታ አልጠየቀችኝም።

በእሑድ ልብሳችን ወጣን። የበረዶ ጎማዎቹ ከነቸርኬያቸው ጋራዥ ውስጥ ነበሩ። ወንድም ጌታሁን ሊያግዝ ብሎ ክሪኩን አስገብቶ መኪናውን ማንሳት ጀመረ። "ዳዶው ሳይላላ?!" አሉ ጋሽ ታደሰ። "መጀመሪያ መሬት ላይ እያለ ነው የሚላላው! አለዚያ ጎማው አብሮህ ይዞራል!" ጌታሁን "ታክሲ ስነዳ የኖርኩ ሰው ነኝ" አለ። ጋሽ ታደሰ "ለዚያ ነው ታክሲው የሚንገጫገጨው" አሉት። ካምፕ ያሉት ሽማግሌ ከመኪናው ጣሪያ ላይ፣ በስልኩ ውስጥ ሆነው ሁለቱን ማስታረቅ ያዙ።

በዚያ ጫጫታ መሃል ሰናይት አጠገቤ ቁጢጥ አለች። ዳዶዎቹን በእጇ ይዛልኛለች። መጠየቅ ከፈለግኩ አሁን ነው አልኩ።

"ትሄጃለሽ?"

"አላውቅም" አለች። አንድ ዳዶ አቀበለችኝ። "እወድሃለሁ፤ ግን አላውቅም። ይሄ ጎማ እስኪወርድ ድረስ የትም አልሄድም። የበጋው ጎማ ሲገጠም ያኔ እንነጋገራለን።"

"እሺ" አልኳት።

ሲያልቅ ተሳሳሙ ተባልን፣ ተሳሳምን። ጋሽ ታደሰ እርቁን ለሀገሩ ሁሉ አወሩ፤ ሰዉም ነገሩ ሁሉ የጎማ ጥል ነበር ብሎ ደመደመ። ሰው ቤት ስንሄድ "እንኳን ታረቃችሁ! በጎማ ይጣላል እንዴ?" እያሉ ይስቁብናል። ቀሚስ ለብሼ ቆሜ!

በረዶው ሄደና የበጋ ጎማ መግጠሚያው ደረሰ። ሱቁ ተጨናነቀ። ነጭ መኪና በበሩ በገባ ቁጥር ልቤ ይቆማል፤ የሰናይት ነጭ ነው። ቆዳዬ፣ ድምፄ፣ ልብሴ ሁሉ ተለውጧል፤ እሷም እያየች ነው። መጣች ባልኩ ቁጥር ግን እሷ አይደለችም። ማታ ቤት እንገናኛለን፣ እራት እንበላለን፣ ስለ ጎማ ትንፍሽ አትልም። እኔም አልል።

ሜይ አለፈ። ጁን አለፈ። ጁላይ አስፋልቱ በሙቀት ሲለሰልስ ሰናይት በበረዶ ጎማ ትነዳለች። የበረዶ ጎማ ደረቅ መንገድ ላይ ያጉረመርማል፤ ገና ከመንገዱ መታጠፊያ ስትገባ ከወጥ ቤት እሰማታለሁ። ጋሽ ታደሰ አይተዋት ተንጨረጨሩ። "ባለቤትዎ በዚህ ሙቀት በበረዶ ጎማ? ያልቃል እኮ! ጎሚስታ አይደሉም እንዴ? ሽማግሌ ይመጣብዎታል!"

"ይለቅ ጋሼ" አልኳቸው።

"ሰው ይታዘበናል!"

"ይታዘበን።"

ሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ ሰናይት ሱቁ መጣች። ወረፋ ይዛ፣ እንደ ማንኛውም ደንበኛ፣ ቁጭ አለች። ተራዋ ሲደርስ መኪናውን በሊፍት አነሳሁት። አራቱም ጎማ እንደ ራሰ በራ ልሙጥ ሆኗል።

"አልቀዋል" አልኳት።

"አያለሁ። አዲስ የበረዶ ጎማ ግጠሚልኝ።"

"የበጋዎቹስ? ጋራዥ ውስጥ አሉ። ደህና ናቸው።"

ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች።

"ሽጪያቸው" አለች።

ከጎማው ክምር ጀርባ ሄጄ አለቀስኩ። ተመልሼ መጥቼ ገጠምኩላት፣ በኮከብ አጠበቅኩ። ዓይኔን እንባ ስለጋረደው ጋሽ ታደሰ መጥበቁን በሚለካው ቶርክ መፍቻ ደግመው ፈተሹልኝ።

ሞያውን ለምትጀምሩ፤ የበረዶ ጎማ በበጋ አይነዳም። ላስቲኩ ለስላሳ ስለሆነ ሙቀት ይበላዋል። ይህን ለደንበኛ ንገሩ። እያወቀ የሚነዳ ደንበኛ ካጋጠማችሁ ግን ተዉት፣ ይንዳ።