ሰማያዊ ክር ያሰሩት ሴቶች

ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ነው፤ ሰበታ ጤና ጣቢያ ድሬሰር ሆኜ ከተቀጠርኩ ዓመት አልሞላኝም። ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ ይህን ግን አልረሳሁም። በራሴ የተማመንኩበት የመጀመሪያ ሥራዬ ነው።

ከአዲስ አበባ ደብዳቤ መጣ። መሸታ ቤት ለሚሠሩ ሴቶች የቂጥኝ መድኃኒት ሊላክ ነውና ስንት እንደሆኑ አሳውቁ ይላል። የሚላከው አንዴ ብቻ፣ በቁጥሩ ልክ ነው።

ነጭ ጋውኔን ለብሼ፣ መዝገቤን ይዤ በየቤቱ ዞርኩ። ፖሊስ ያስከተልኩ መስሏቸው በጓሮ በር እየወጡ ሸሹኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እነሱ ግን ወደው አልነበረም የሚደበቁት። ሦስት ቀን ለፍቼ አሥራ አራት ሴት ጻፍኩ።

ጎረቤቴ አዴ ጫልቱ ሹሩባ ሠሪ ናቸው። ቁጥሩን ስነግራቸው ከት ብለው ሳቁ።

«ያ ኢንተላ! አንቺ ልጅ፣ የእኔ እጅ ብቻ በሳምንት ከዚህ በላይ ፀጉር ይሠራል» አሉኝ። ወዲያው ፊታቸው ጠቆረ። «አንዲት ነፍሰ ጡር አለች። በዚሁ በሽታ ሁለት ልጅ ሞቶ ተወልዶባታል። አሁን ከቤት አትወጣም። መድኃኒቱ ለእሷ ሳይደርስ ቢያልቅስ?»

ያኔ ዘዴ መጣልኝ። ሰማያዊ ክር ገዝቼ ሰጠኋቸው። ከሐሙስ እስከ እሑድ ፀጉሯን ልትሠራ ለመጣች ኮማሪት ሁሉ «ለውበት ነው» እያሉ ከሹሩባዋ ጫፍ አሰሩላት። ለሠላሳ ሴት አሰሩ።

ባለትዳሮቹ ስለሚጠየፏቸው እነዚህ ሴቶች ልብስ የሚያጥቡት ሰኞ ሰኞ፣ ከወንዙ በታች፣ ለብቻቸው ነበር። ሰኞ ዕለት የራሴን ቀሚስ ይዤ ወረድኩና አጠገባቸው ማጠብ ጀመርኩ። አሥራ ስምንት ነበሩ። ክር ያሰሩት ስድስት ናቸው፤ ከሦስት አንዷ ማለት ነው። እንግዲህ ሠላሳው ሲሶ ከሆነ ሁሉም ወደ ዘጠና ይሆናሉ።

ዘጠና ብዬ የጻፍኩትን መልስ ሳቀርብላቸው ኃላፊዬ «ሰው በክር ይቆጠራል እንዴ?» ብለው ተቆጡ።

«ይፈርሙልኝ፤ መድኃኒቱ ከተረፈ ያባርሩኝ» አልኳቸው። ምላሴ እንኳን ያኔ፣ ዛሬም አይታማም። ፈረሙ።

የዘጠና ሰው መድኃኒት መጣ። አዴ ጫልቱ እየመከሩ ሴቶቹን ላኩልኝ፤ እኔም ስም አልጠየቅሁም። በየቀኑ እየመጡ ተወጉ። ጥቂት ብልቃጥ ሲቀር ያቺ ነፍሰ ጡር ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ገባች። ክርም አላሰረች፣ ወንዝም አልወረደች፤ ዘጠና ያልኩት ግን እሷንም ይዟል። ተወግታ በጓሮ በር ወጣች።

ክረምቱ ሲወጣ ተመልሳ መጣች። ወንድ ልጅ ታቅፋለች፤ ልጁ ጣራ እስኪነቀል ያለቅሳል። እሱን ልመዘግብ ብዕሬን ሳነሳ እጄን ያዝ አደረገችኝ።

«ፊት የእኔን ጻፊ» አለችና ስሟን ከነአባቷ፣ ከነአያቷ ነገረችኝ።

ዛሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። በዘመኔ ብዙ ስም ጽፌያለሁ፤ ከሁሉም ደስ ብሎኝ የጻፍኩት ግን የእሷን ነው።